የአብጃታ ሐይቅ መጉደል እና የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ

የአብጃታ ሐይቅ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ጨዋማና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። ከጎረቤቱ ከሻላ ሐይቅ ጋር በአንድነት የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሐይቁ ስፋት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከግማሽ በታች የወረደባቸው ዓመታት ታይተዋል። ፓርኩ የተቋቋመው በዋነኛነት ለውሃ ወፎች ሲባል ስለሆነ፣ የሐይቁ መሸሽ የፓርኩን የመኖር ምክንያት ይነካል። የጉድለቱ መነሻ ደግሞ በአብዛኛው ከፓርኩ አጥር ውጭ፣ ወደ ሰሜን በባቱ (ዝዋይ) ከተማ ዙሪያ ነው።

የአራቱ ሐይቆች አቀማመጥ

በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ አራት ሐይቆች ተቀራርበው ይገኛሉ፤ እነሱም ዝዋይ (ደምበል)፣ ላንጋኖ፣ አብጃታ እና ሻላ ናቸው። ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመታት በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን አራቱም አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ያ ሐይቅ ሞልቶ ሲተርፍ ውሃው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈስ እንደነበር፣ ዛሬ ከሐይቆቹ ዳርቻ ብዙ ሜትር ከፍ ብለው የሚታዩት የጥንት የባሕር ዳርቻ እርከኖችና የንጹሕ ውሃ ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ይመሰክራሉ። አየሩ ሲደርቅ ትልቁ ሐይቅ ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ጎድጓዳ የየራሱን ውሃ ይዞ ቀረ።

ዛሬ ከአራቱ ከፍ ብሎ የሚገኘው ዝዋይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ላይ ይተኛል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ከፍተኛው ጥልቀቱ 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚያመጡለት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው መቂና ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ቀታር። የባቱ ከተማ በምዕራባዊ ዳርቻው ላይ ናት። ከከተማዋ አጠገብ ቡልቡላ የሚባለው ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይጓዝና አብጃታ ይገባል። አብጃታ ከዝዋይ ወደ 60 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከላንጋኖም ሆራ ቀሎ የሚባል አጭር ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል።

ከአብጃታ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ውሃ ሁሉ መውጫው ትነት ብቻ ነው። ሻላም እንዲሁ መውጫ የለውም፤ ነገር ግን ሁለቱ ጎረቤቶች በጠባያቸው እጅግ ይለያያሉ። ሻላ በእሳተ ገሞራ መደርመስ የተፈጠረ ጎድጓዳ ሲሆን 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። አብጃታ ውሃው በሞላበት ዘመን እንኳ ከ14 ሜትር ያልበለጠ ነበር። በቤት ዕቃ ቢመሰሉ ሻላ እንደ ጋን ነው፤ አብጃታ እንደ ትሪ። ከጋን ላይ አንድ ጣሳ ቢቀዳ ከላይ ለሚያየው ሰው ለውጡ አይታወቅም። ከትሪ ላይ ያው ጣሳ ሲቀዳ ግን ጠርዙ ሁሉ ደርቆ ይቀራል።

ሐይቁ የሚጎድልበት መንገድ

መውጫ የሌለው ሐይቅ ስፋቱን የሚወስነው አንድ ቀላል ሚዛን ነው፤ በዓመት የሚገባው ውሃ በዓመት ከሚተነው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ሐይቁ ይሰፋል ወይም ይጠባል። የሚገባው ሲበዛ ሐይቁ ይሰፋል፤ ሲሰፋ የሚተንበት ገጽ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ይገናኛሉ። የሚገባው ሲያንስ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል።

ነገሩን በክብ ቁጥሮች ማየት ይቻላል። በዚህ የስምጥ ሸለቆ ክፍል ከሐይቅ ገጽ ላይ በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ ይተናል፤ ዝናቡ ደግሞ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ተቀንሶ የሐይቁ የተጣራ ኪሳራ በዓመት 1.3 ሜትር ነው እንበል። በዚህ ስሌት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ ባለበት ለመቆየት ከወንዞች በዓመት 260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ማግኘት አለበት። ከዚህ ውስጥ 100 ሚሊዮኑ በመንገድ ላይ ቢቀር የሚደርሰው 160 ሚሊዮን ነው፤ ይህ ደግሞ 123 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሐይቅ ብቻ ይችላል። ከመሬት በታች የሚገባውና የሚወጣው ውሃ እዚህ ስላልታሰበ ስሌቱ ምሳሌ እንጂ መለኪያ አይደለም። ዋናውን ነገር ግን ያሳያል፤ የሐይቁ ስፋት የሚከተለው የወንዙን ፍሰት ነው። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ለውጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይታያል።

ሁለተኛው ነጥብ የዝዋይ አፋፍ ነው። ቡልቡላ ከዝዋይ የሚወጣው የሐይቁ ውሃ ከመውጫው ወለል በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከዝዋይ ገጽ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ማለት በ440 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲባዛ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በባቱ ወደብ ላይ ለቆመ ዓሣ አስጋሪ 10 ሴንቲ ሜትር ብዙም የሚታይ ነገር አይደለም፤ ጀልባው ከተለመደው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይታሰራል እንጂ። ለአብጃታ ግን ያች 10 ሴንቲ ሜትር የዓመት ቀለቡ ትልቅ ክፍል ናት። ብዙ ሰው ዝዋይ አሁንም ሙሉ መስሎ እየታየ አብጃታ ለምን ይደርቃል ብሎ የሚገረመው ይህን ባለማስተዋል ነው። ከላይ ያለው ሐይቅ ለራሱ ከያዘ በኋላ የተረፈውን ነው የሚለቀው፤ ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየውም ትርፉን በሚጠብቀው ላይ ነው።

የዝናብ መለዋወጥም አለ። የአብጃታ ከፍታ መስኖ ከመስፋፋቱ በፊትም ይወጣና ይወርድ ነበር። የ1970ዎቹ መጀመሪያ በተለይ ውሃው የበዛበት ጊዜ ስለነበር፣ ዛሬን ከዚያ ጊዜ ጋር ብቻ ማወዳደር ጉድለቱን ያጋንነዋል። ይሁንና ድሮ ሐይቁ ከድርቅ ዓመታት በኋላ ይመለስ ነበር። ኋላ ላይ የታየው ለውጥ ደህና ዝናብ ባለባቸው ዓመታትም ሐይቁ ወደ ቀድሞ ስፋቱ መመለስ ማቃቱ ነው።

ባቱ፣ መስኖ እና ቡልቡላ

በዝዋይ ዙሪያ ሰፊ መስኖ የተጀመረው በደርግ ዘመን በመንግሥት እርሻዎች ነው። ከዚያ በኋላ ሞተር ፓምፕ በገበሬው እጅ ገባ። ዛሬ ከመቂ እስከ ባቱ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሽንኩርት፣ የቲማቲም፣ የጥቅል ጎመንና የቃሪያ ማሳ ይታያል፤ ከዚህ የሚወጣው ምርት የአዲስ አበባን ገበያ ይመግባል። የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም የተመሠረተው በእነዚህ አምራቾች ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በባቱ ትልቁ የአበባ እርሻ ሼር ኢትዮጵያ በሐይቁ ዳር ግሪን ሃውሶቹን ዘረጋ። የካስቴል የወይን እርሻም ተከትሎ መጣና እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ወይኑን ለገበያ አቀረበ። ከወንዙ በታች በቡልቡላ ከተማ የተገነባው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2021 ተመርቋል።

አንድ ሄክታር የመስኖ መሬት በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢወስድ፣ 10,000 ሄክታር 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይወስዳል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ሐይቁን ከ200 ወደ 123 ካሬ ኪሎ ሜትር ያወረደው መጠን ይህን ያህል ነው። ከዝዋይ በተጨማሪ በመቂና በቀታር ወንዞች ላይ፣ ከዚያም በራሱ በቡልቡላ ዳር ውሃ ይሳባል። ቡልቡላ በአንዳንድ የበጋ ወራት አብጃታ ሳይደርስ እስከ መቋረጥ የደረሰባቸው ዓመታት ነበሩ።

እዚህ ላይ አጥፊ ፈልጎ ጣት መቀሰር ቀላል ነው፤ ግን ነገሩን አያስረዳም። በሁለት ጥማድ መሬቱ ላይ ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ አብጃታን አይቶት ላያውቅ ይችላል። ፓምፑ የሚስበው ውሃ ብቻውን ከምንም አይቆጠርም። የአበባ እርሻው ደግሞ ለብዙ ሺህ ሰዎች፣ በተለይም ለወጣት ሴቶች ሥራ የከፈተ ነው፤ ባቱ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ያደገችው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ችግሩ የሁሉም ድምር የሚደርሰው ቆጣሪ በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው። ለአብዛኛው ጊዜ ከሐይቁ ማን ምን ያህል እንደሚስብ በትክክል የሚለካ አልነበረም፤ ያልተለካን ነገር ማከፋፈል ደግሞ አይቻልም።

ጉዳዩ ለባቱም የራሷ ነው። የዝዋይ ውሃ ከመውጫው ወለል በታች ለረጅም ጊዜ ቢወርድ ዝዋይ ራሱ መውጫ የሌለው ሐይቅ ይሆናል። እስካሁን ውሃው ጨው ያልሆነው ጨዉ በቡልቡላ በኩል ስለሚወጣ ነው። መውጫው ከተዘጋ ጨው እዚያው መከማቸት ይጀምራል፤ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ፀረ ተባይም እንዲሁ። የዝዋይ ቆሮሶና አምባዛ፣ በወደቡ ላይ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች፣ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴትና ወደ ደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም የሚወስዱት ጀልባዎች፣ የደሴቶቹ ነዋሪ የዛይ ሕዝብ ኑሮ ሁሉ በዚህ ውሃ ላይ የቆመ ነው። የእምቦጭ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ሥጋቱን ጨምሮታል። የጉድጓድ ውሃ እንተካበት ቢባል ደግሞ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርስ የሚያበልዘውና ሲበዛ አጥንት የሚጎዳው ይኸው ማዕድን ነው።

የሶዳ አሽ ፋብሪካው

በአብጃታ ዳር ስለ ሐይቁ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ፋብሪካው ነው። ከሐይቁ ውሃ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) የሚያመርተው ድርጅት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገባደጃ አካባቢ ሲሆን በዓመት 20,000 ቶን ለማምረት ታስቦ የተቋቋመ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጨዋማው ውሃ በፓምፕ ተስቦ ሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ይተኛል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ የቀረው ጨው ተሰብስቦ ይጣራል። ሶዳ አሽ ለመስታወት፣ ለሳሙናና ለዱቄት ሳሙና፣ ለቆዳና ለጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ያስፈልጋል፤ አገር ውስጥ ካልተመረተ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል።

ፋብሪካው የሚወስደው ውሃ በቀጥታ ከሐይቁ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም። ከመስኖው ጋር ሲነጻጸር ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች በአንድ ቁጥር አይስማሙም። ፋብሪካው ከፓርኩ ጋር የገባበት ነገር ግን ከውሃው መጠን ይሰፋል፤ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ኩሬና ቱቦ ያለው የማዕድን ማምረቻ መኖሩ በራሱ የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ተቃርኖም አለ፤ ሐይቁ ሲሸሽ ፋብሪካው ፓምፑን ተከትሎ ማራዘም አለበት፤ ሐይቁ ከደረቀ ፋብሪካውም የለም።

ወፎቹና ዓሣው

በፓርኩ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከነዚህ ሁሉ የሐይቁን ለውጥ በግልጽ የሚያሳዩት ፔሊካንና ፍላሚንጎ ናቸው።

ነጭ ፔሊካኖች የሚራቡት በሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ነበር፤ ቦታው በአፍሪካ ከታወቁ የፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ነው። ደሴቱ ከቀበሮና ከጅብ የተጠበቀ ነው። ሆኖም ሻላ ጥልቅና ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን ሻላ ላይ ትተው ረፋድ ላይ ከመሬት የሚነሳውን ሞቃት አየር ተሳፍረው በመካከል ያለውን ኮረብታ ይሻገሩና አብጃታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማዕድ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ፓርክ ውስጥ መሆናቸው ትርጉም የነበረው ለዚህ ነው።

ሐይቁ ሲጎድል የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። የውሃው ይዘት በግማሽ ሲቀንስ የጨው መጠኑ በግምት እጥፍ ይሆናል። በአብጃታ በአንድ ወቅት ቆሮሶ ለገበያ ይጠመድ ነበር፤ ጨውና ሶዳው ከዓሣው አቅም በላይ ሲሆን ግን ዓሣው አለቀ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሄዱ፤ ፔሊካኖቹም ቀለባቸውን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው። ለጫጩት ምግብ ከሩቅ ሐይቅ ማመላለስ አድካሚ ስለሆነ በሻላ ደሴት የሚራቡት ቁጥር ወደቀ። በሻላ ውሃ ላይ ምንም ሳይደርስ የሻላ ወፎች የተጎዱት በዚህ መንገድ ነው።

የፍላሚንጎ ነገር ይለያል። ፍላሚንጎ ዓሣ አይበላም። ትንሹ ፍላሚንጎ በሶዳማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ በምንቃሩ እያጣራ ይመገባል፤ ትልቁ ፍላሚንጎ ደግሞ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን። ስለዚህ ጨው መጨመሩ ወዲያው አያባርራቸውም፤ ዛሬም በአብጃታ ዳር ሐምራዊ መስመር ሠርተው ይታያሉ። ይህ ጎብኚን ሊያሳስት ይችላል፤ ሐይቁ ደህና ነው ያሰኛል። ነገር ግን ፍላሚንጎም የሚጠጣውና ላባውን የሚያጥብበት ንጹሕ ምንጭ ወይም የወንዝ አፍ ይፈልጋል። ውሃው እጅግ ሲያንስ ወይም ምግቡ ሲለወጥ ደግሞ በአንድ ሌሊት ተነስቶ ወደ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል።

ፓርኩን ክፍት አድርጎ ማቆየት

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። በምሥራቅ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያዋስነዋል። በዋናው መግቢያ አጠገብ በታጠረ ቦታ ሰጎን፣ የግራንት ሚዳቋና ከርከሮ ይታያሉ። በሻላ ዳርቻ ፍል ውሃ አለ፤ የአካባቢው ሰው ለመታጠቢያና ለመድኃኒት ይጠቀምበታል። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ካለው የፊቄ ተራራ ላይ አብጃታና ሻላ አንድ ላይ ይታያሉ።

የፓርኩ ችግር ውሃ ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን ወሰኑ በአዋጅ ጸንቶ አልተከለለም ነበር፤ በፓርኩ ውስጥም ቀድሞውኑ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገሪቱ ፓርኮች እንደሆነው እዚህም ጥበቃው ፈረሰ፣ ሰፈራና ግጦሽ ተስፋፋ። የግራር ደኑ ለከሰልና ለእርሻ ተመነጠረ። በአውራ ጎዳናው ዳር በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ የሚሸጠው ከሰል ለመንገደኛ የተለመደ ትዕይንት ነው። አሸዋም ለግንባታ ይወጣል። ለነዋሪው እነዚህ ሁሉ ዕለታዊ ገቢ ናቸው፤ ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ የሚደርሰው ግን እምብዛም ነው። ጠባቂና ነዋሪ በባላንጣነት የሚተያዩትም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ጎብኚ ማግኘት ራሱ ፉክክር ነው። ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ የሚወጣ ቤተሰብ መዋኘት ከፈለገ አጠገቡ ላንጋኖ አለ፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው እየተባለ ከበቀለ ሞላ ሆቴል ዘመን ጀምሮ የታወቀ መዝናኛ ነው። ዓሣ መብላት የፈለገ ሐዋሳ ይወርዳል። ከ2020 ወዲህ በገበታ ለአገር እንደተሠራው እንደ ወንጪ ያሉ አዳዲስ መዳረሻዎችም መጥተዋል። አብጃታ ያለው ነገር ወፍና ዝምታ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ ደግሞ ያም ይርቃል፤ ድሮ ከመኪና ወርዶ በቅርብ ይታይ የነበረው ፍላሚንጎ ዛሬ በነጭ የሶዳ ቅርፊት ላይ ረጅም መንገድ በእግር የሚያስኬድ ሆኗል። ቅርፊቱ ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ስለሆነ ወደ ውሃው ተጠግቶ የሚነዳ መኪና ይሰምጣል።

የሌሎች ቦታዎች ተሞክሮ

በኢትዮጵያ ውስጥ የቅርቡ ምሳሌ የሐረማያ ሐይቅ ነው። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረውና በዙሪያው ጫትና አትክልት የሚለማበት ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከብት ተሰማራበት። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ተመልሷል። የደረቀ ሐይቅ ሊመለስ እንደሚችል ያሳየ ቢሆንም ሐረማያ የሶዳ ሐይቅ ስላልነበረ ለአብጃታ ሙሉ ምሳሌ አይሆንም።

ተቃራኒውም አለ። በዚያው በምሥራቅ ሸዋ፣ ከአዳማ በስተምሥራቅ መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ መንገድና የባቡር ሐዲድ አስነስቷል፤ ምክንያቱ አከራካሪ ቢሆንም ከአካባቢው የመስኖ እርሻዎች የሚተርፈው ውሃ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በኬንያም የናኩሩ ሐይቅ ከ2010 ወዲህ ሞልቶ የብሔራዊ ፓርኩን ዋና በር አጥለቅልቋል፤ ውሃው ሲቀጥን ፍላሚንጎዎቹ ምግብ ፍለጋ ተበተኑ። መውጫ የሌለው ሐይቅ በጉድለትም በመሙላትም ፓርክን ሊዘጋ ይችላል።

በተፈጥሮ ላይ ብቻ የቆመ የመዝናኛ ቦታ እንዲህ ዓይነት ዕጣ የሚገጥመው በሐይቅ አገር ብቻ አይደለም። በቦሊቪያ ቻካልታያ ተራራ ላይ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ነበር፤ የበረዶ ግግሩ እ.ኤ.አ. በ2009 አልቆ ጠፋ፣ መንሸራተቻውም ቀረ። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከ200 በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ትንንሽ የሆኑ መንሸራተቻዎች ተዘግተዋል፤ በረዶ ያልጣለባቸው ክረምቶች፣ የመድን ዋጋና የትልልቆቹ ፉክክር አሸንፏቸው ነው። ሰው ሠራሽ በረዶ የሚረጨው መሣሪያም ውድ ስለሆነ ትንንሾቹን አላዳነም። ከቆዩት መካከል በቬርሞንት የሚገኘው ማድ ሪቨር ግሌን አለ፤ በ1995 ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በኅብረት ሥራ ማኅበር ገዝተውት እስከ ዛሬ ይሠራል። ለአብጃታ ይህ የሚጠቅመው በግማሽ ነው። ነዋሪው የፓርኩ ባለድርሻ ቢሆን ደኑንና መንገዱን ሊያተርፍ ይችላል። ውሃው ግን ከላይ፣ ከሌላ ወረዳ ስለሚመጣ በአንድ ቀበሌ ማኅበር አይገኝም።

የተሞከሩና የሚታሰቡ መፍትሔዎች

የውሃው ጉዳይ በተፋሰስ ደረጃ መታየት እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ መሥሪያ ቤት መቀመጫውን ሐዋሳ አድርጎ የተቋቋመው ለዚህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቀንድ አካባቢያዊ የአካባቢ ጥበቃ ማዕከልም በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በባቱ የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሐይቆቹን ዓሣ ይከታተላል።

ከሚነሱት ሐሳቦች አንዱ የጠብታ መስኖ ነው። በቦይ ከሚለቀቀው ጋር ሲነጻጸር ለአንድ ማሳ የሚወስደው ውሃ ያንሳል። ነገር ግን ብዙ አገር እንደታየው፣ ገደብ ካልተበጀ ገበሬው በተረፈው ውሃ ተጨማሪ መሬት ያለማበታል፤ ድምሩ አይቀንስም። ስለዚህ ከቴክኖሎጂው በፊት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ በትልልቅ ተጠቃሚዎች ፓምፕ ላይ ቆጣሪ፣ በቡልቡላ ወንዝ ደግሞ በየወሩ ሊነካ የማይገባው ዝቅተኛ ፍሰት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። በበጋ ቡልቡላ ላይ ውሃ ልቀቁ ማለት፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ወር ባቱና መቂ ላይ ፓምፕ አጥፉ ማለት ነው። ለዚያ ገበሬ ካሣው ምን እንደሆነ ሳይወሰን ትእዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ደህና ክረምት ሆኖ መቂና ቀታር ሲሞሉ ዝዋይ አፋፉን አልፎ ቡልቡላ ይጎርፋል፤ በዚያ ዓመት አብጃታም ወደ ቀድሞ ዳርቻው ጥቂት ይመለሳል። እንዲህ ያሉ ዓመታት ተከታትለው ቢመጡና ፍሰቱ በበጋም ባይቋረጥ ጨዉ ይቀጥናል፤ ከዝዋይ በወንዙ የሚወርደው ቆሮሶም በመጀመሪያ በቡልቡላ አፍ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሻላ ደሴት ዛሬም ባለበት ነው፤ በአብጃታ ዓሣ ከተገኘ ፔሊካኖቹ የሚሻገሩት ያንኑ ኮረብታ ነው።